ሳሳ አድርገህ አስቀምጥልን

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥየቃ ሰው ቤት የገባ እንግዳ የማያጣው አንድ ዓይነት ፎቶ ነበር። ከቡፌው በላይ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴሌቪዥን ትይዩ፣ በወርቃማ ፍሬም ይሰቀላል። ከታች እናትና ልጆች ተደርድረው ቆመዋል። ከላይ፣ ሰማይና ነጭ ደመና ባለበት፣ የአባትየው ፊት ጎልቶ ይታያል፤ በፊታቸው ውስጥ ግን ደመናው ያልፋል። አንገታቸው ጋ ሲደርስ ምስሉ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ሰማዩ ውስጥ ይጠፋል። ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። እንግዳው አንዴ ቀና ብሎ ካየ አባትየው ማረፋቸውን ያውቃል፤ "ነፍስ ይማር" ብሎ ይቀመጣል።

ፒያሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ ከሚሠራባቸው ቤቶች በአንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ የምሠራው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያ ሥራ ሲነሳ ብዙ ሰው ይስቃል፤ ደመናው፣ የልብ ቅርጹ፣ ፏፏቴው ሁሉ የዘመኑ የጣዕም ጉድለት ተደርጎ ይወራል። ስለ ፏፏቴው አልከራከርም። ስለሳሳው ፊት ግን እከራከራለሁ። በዚያ ዘመን ካየኋቸው የፎቶ ሥራዎች ሁሉ ለሐዘንተኛ እውነቱን የሚናገርለት እሱ ነበር፤ አሁን ቀስ በቀስ ከግድግዳዎቻችን ላይ ሲወርድ ምን እንደሚወርድ ያስተዋለ የለም ብዬ እፈራለሁ።

የፎቶ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ይህንኑ ሥራ በጨለማ ክፍል ሲሠሩት የኖሩ ሰው ናቸው። ሙያቸውን የወረሱት አርመኖቹ ዘንድ ከሠሩ ሰዎች ነው። በከተማችን የፎቶ ቤት ነገር ሲነሳ የአርመኖች ስም አብሮ ይነሳል፤ ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ይዘው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ጋሼ የእነሱን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የመምህራቸው መምህር ላይ እንደ መጡ ዓይነት።

በዚያ ዘመን ሰውን ለማሳሳት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው እዚያው ካሜራው ውስጥ የሚያልቅ ነው። ሰውየውን ጥቁር ጨርቅ ፊት አስቀምጠው ያነሳሉ፣ ፊልሙን ሳያዞሩ በዚያው ላይ ሁለተኛ ነገር ይደግሙበታል። ከጥቁሩ ጨርቅ ብርሃን ስለማይመለስ ፊልሙ በዚያ በኩል ያልተነካ ሆኖ ይቆያል፤ ሁለተኛው ምስል የሚያርፈው እዚያ ነው። ይህ ለሞተ ሰው አይሆንም፤ ሰውየው ራሱ መምጣት አለበት። ለሟች የሚሆነው ሁለተኛው መንገድ ነው። የቤተሰቡን ነጌቲቭ ማጉያው ላይ አስገብተው ወረቀቱ ላይ ብርሃን ያሳርፋሉ፣ ሰማዩ የሚሆንበትን በኩል በቆረጡት ካርቶን ይጋርዱታል። ካርቶኑን ዝም ብለው አይዙትም፤ ጠርዙ መስመር እንዳይሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንቀጠቅጡታል። ከዚያ ነጌቲቩን ለውጠው የሟቹን ፊት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይጨምሩበታል። ሰከንዱ ቢበዛ ሟቹ ከሕያዋኑ እኩል ይደምቃል፤ ቢያንስ ጨርሶ አይወጣም። ወረቀቱን ከዴቨሎፐር አውጥተው ካልወደዱት ይጥሉትና ሀ ብለው ይጀምራሉ። የወረቀቱን ዋጋ ግን ከደንበኛው አይጠይቁም ነበር።

እኔ በኮምፒውተሩ የምሠራበትን፣ ፎቶሾፕ የተባለውን ፕሮግራም ቶማስ ኖል የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ነው፤ ወንድሙ ጆን የፊልም ልዩ ትዕይንት በሚሠራበት ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ውስጥ ይሠራ ነበር። አዶቤ ፕሮግራሙን በ1990 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲያወጣው በማኪንቶሽ ላይ ብቻ የሚሠራ ነበር። ለእኛ ሥራ ትልቁ ነገር የመጣው ግን በ1994 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው እትም ሌየር ይዞ ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት አንዱን ምስል ሌላው ላይ ከለጠፉት በኋላ ሁለቱ አንድ ሆነው ይቀራሉ፤ መለየት የለም። ሌየር ሲመጣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ መስታወት ላይ እንደ ተሣለ ሆነ፤ ሌላውን ሳይነኩ አንዱን ማንቀሳቀስ፣ ማደብዘዝ፣ መደበቅ ተቻለ። እኛ ጋ ረጅም ዘመን የኖረው ሰባተኛው እትም ነው። መብራት ባሰበው ሰዓት ስለሚሄድ፣ ዩፒኤሱም የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ግራ እጄ ሴቭ ከሚያደርጉት ሁለት ቁልፎች ላይ አይነሳም ነበር።

ጋሼ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። አንድ ቀን ግን ከኋላዬ ቆመው ኦፓሲቲ የሚባለውን ቁጥር ከመቶ ወደ አርባ ሳወርደው፣ ፊቱም በቁጥሩ ልክ ሲሳሳ አዩ። "ይቺማ የእኔ ሰከንድ ናት" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እጁ የእኔ ሆነ፣ ዓይኑ የእሳቸው።

ዓይናቸው መጀመሪያ ያስተማረኝ የነጠላን ነገር ነው። ፎቶሾፕ አንዱን ሌየር ከሥሩ ካለው ጋር የሚያዋሕድባቸው ስልቶች አሉት። ስክሪን የሚባለው ብርሃንን በብርሃን ላይ ይጨምራል፤ ሁለት የፊልም ማሳያዎች አንድ ግድግዳ ላይ ሲያበሩ እንደሚሆነው ማለት ነው፣ ጥቁር የሆነው ሁሉ ይጠፋል። መልቲፕላይ ተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩን ይዞ ነጩን ያጠፋል። ኦቨርሌይ የሥሩን ምስል እያየ ሁለቱንም ያደርጋል፤ መካከለኛ ሰማያዊ ላይ ያምራል፣ ነጭ ደመና ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ይበላል። የሙት መንፈስ የመሰለ ምስል እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምሩት ያየኋቸው መመሪያዎች "ስክሪን አድርገው" ይላሉ። የተጻፉት ጥቁር ጀርባ ፊት ለቆመ ነጭ ፊት ነው።

አሁን ነጠላ የለበሰች የእኛን እናት አስቧት። ስክሪን ሳደርጋት ነጠላዋ ሰማዩ ላይ ጥርት ብሎ ቀረ፣ ፊቷና ፀጉሯ ጠፉ፤ ሰው የሌለበት ነጠላ። መልቲፕላይ ሳደርጋት ፊቷ ወጣ፣ ነጠላዋ ሟሟ። ለሙት ዓመት የመጡ ልጆች ፊት ሁለቱም የሚታይ ነገር አይደለም። ጋሼ ግን አልገረማቸውም። ለካስ እነዚያ ሁለት የድሮ መንገዶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። በካሜራው ውስጥ ፊልም ላይ ሲደገም የሚጨመረው ብርሃን ነውና ነጩ ያሸንፋል፤ በማጉያው ወረቀት ላይ ሲደገም ደግሞ ብርሃን የነካው ሁሉ ስለሚጠቁር ጥቁሩ ያሸንፋል። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በፊትና በነጠላ መካከል ሲያስታርቁ ነበር። መፍትሔውን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው፦ "ሁለት ጊዜ አምጣት።" ሌየሯን ደግሜ አንዱን ለፊቷ በመልቲፕላይ፣ አንዱን ለነጠላዋ በስክሪን አደረግኩ፤ በማስክ ደግሞ በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ የማይፈለገውን ከየአንዱ ሸፈንኩ። እናትየው ከነጥበቧ፣ ከነንቅሳቷ ወጣች። መመሪያዎቹ ይህን አይነግሩም፤ የነጠላን ነገር የማያውቅ ሰው ስለጻፋቸው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ፊቱን ማግኘት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው አንድ እንኳ በወግ የተነሳው ፎቶ ሳይኖረው እንደሚሞት ያወቅኩት እዚያ ነው። ቤተሰብ የሚያመጣልን ብዙ ጊዜ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ የተላጠ ጉርድ ፎቶ ነው። ማዕዘኑን ስቴፕለር በስቶታል፣ ግማሽ ጉንጩ ላይ ሐምራዊው ክብ ማህተም አርፏል፣ ወረቀቱ ወይቧል። እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ስካን ያደረግነው ፎቶ ጥቁርና ነጭም ቢሆን ኮምፒውተሩ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቻናል ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ሐምራዊ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚመልስ በሰማያዊው ቻናል ውስጥ ማህተሙ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። የወየበ ወረቀት ደግሞ ሰማያዊን ስለሚውጥ እዚያው ቻናል ላይ እድፉ ይጠቁራል፤ እሱን የሚያጸዳው ቀዩ ነው። ስለዚህ ጉንጩን ከሰማያዊው፣ ግንባሩን ከቀዩ፣ እያልኩ የአንድ ሰው ፊት ከሁለት ቦታ እሰበስባለሁ። የቀረውን በክሎን ስታምፕ፣ ከራሱ ቆዳ ላይ እየቀዳሁ እሞላለሁ። የሚያስጨንቀው ዓይን ነው። ማህተሙ ዓይን ላይ ካረፈ ጋሼ አይጨክኑም ነበር፤ ቤተሰቡን ጠርተው "ይሄን ዓይን እኛ ነን የሠራነው፣ የእሱ ነው ወይ?" ብለው ያስጠይቁናል። "ግራ ዓይኑ ትንሽ ትጠብ ነበር" ትላለች ሚስት። አጠበዋለሁ።

የዓይኑን ነገር የማነሳበት ምክንያት አለኝ። የሙት ምስል በፎቶ የማውጣት ጥበብ በዓለም ላይ ክፉ ታሪክም አለው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ዊልያም መምለር የተባለ የቦስተን የጌጣጌጥ ቀራጭ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ልጅና ባል ለነጠቃቸው ሰዎች ከጀርባቸው የሳሳ ምስል ያለበትን ፎቶ እያነሳ ይሸጥ ነበር፤ የመጣው መንፈሱ ራሱ ነው እያለ። በ1869 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ በማጭበርበር ተከሰሰ፤ ትዕይንት አቅራቢው ፒ. ቲ. ባርነም ሳይቀር መስክሮበት፣ ማስረጃ አልበቃም ተብሎ በነፃ ወጣ። የአብርሃም ሊንከን ሚስት ሜሪ ቶድ ሊንከን ባሏ ከጀርባዋ ትከሻዋን ይዞ የሚታይበትን ፎቶ የተነሳችውም እሱ ዘንድ ነው። ዘዴው የጋሼን ዘዴ ይመስላል፤ አንዱን ምስል ሌላው ላይ መደገም። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። እኛ ጋ የመጣ ሰው የአባቱን ፊት ከየት እንዳመጣነው ያውቃል፣ ፎቶውን በፖስታ ይዞ የመጣው እሱ ነው፣ ዓይኑን ያረመውም እሱ ነው። ሳሳ አድርገህ አስቀምጥልን ብሎ ሲያዝዝ "የለም፣ ግን ከእኛ ጋር ነው" ማለቱ ነው። ሁለቱን ቃል ባንድ ጊዜ የሚናገር ሌላ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ለዚህም ነው ማን እንደሚሳሳና ማን እንደማይሳሳ ያልተጻፈ ሕግ የነበረው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን የፎቶ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ዕድል የደረሰውም ሄደ። ዓረብ አገር የሄዱትም ብዙ ናቸው። ብዙ ሳይቆይ እነዚያው የሄዱት በሌላ በኩል ተመልሰው መጡ፦ ፎቶ ሆነው። እናት ከቤይሩት የተላከ ፎቶ ይዛ ትመጣለች፣ ልጇን ከወንድሞቿ መሃል አቁሙልኝ ትላለች። አንድ ጊዜ የልጅቷን ጠርዝ ለማለስለስ ብዬ ለጊዜው ኦፓሲቲዋን ዝቅ ሳደርግ፣ ከኋላዬ የቆሙት እናት ትከሻዬን ያዙ። "ምነው ልጄ! ልጄ በሕይወት አለች እኮ። አታሳሳብኝ።" ሥራዬ እንደዚያ የሚሄድ መሆኑን አስረድቼ ወዲያው ወደ መቶ መለስኳት። የራቀ ይሞላል፣ ያረፈ ይሳሳል። የራቀ መሬት ላይ ይቆማል፣ ጥላም ይሠራለታል፤ ጥላውን በአዲስ ሌየር በጥቁር ሥዬ፣ አደብዝዤ፣ ከእግሩ ሥር አስተኛዋለሁ። ያረፈ ጥላ የለውም።

ሙሽሮች ብቻ ይህን ሕግ ይጥሱ ነበር። የሠርግ አልበም ላይ ሁለቱ ሙሽሮች ከታች ቆመው እዚያው ከላይ ደግሞ ግዙፍ የሳሳ ፊታቸው ሐይቅና ዛፍ ላይ እንዲያንዣብብ የፈለገ ትውልድ ነበር፤ ከውጭ አገር አልበም የተለመደ ይመስለኛል። ትልልቅ ሰዎች አይወዱትም። አንዲት አክስት አልበም ስትረከብ ገጹን በመዳፏ ከድና "ይቺን አውጡልኝ፣ ለሠርግ አይሆንም" ስትል ሰምቻለሁ። ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ ሕጉ መልስ ያልነበረው ጊዜ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የሄዱ፣ ወሬያቸው የጠፋ ልጆች ነበሩ። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ አንዲት እናትና ታላቅ ሴት ልጃቸው የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። መርዶ አልተነገራቸውም፤ ደብዳቤም አልመጣም። እህትየው ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ከላይ፣ ደመናው ላይ አድርገው" አለችኝ። እናትየው ሰሙ። "መርዶ ሳይነገረኝ?" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ጋሼ ሥራውን አስቆሙኝ። ለሁለቱም ወንበር ሰጥተው ሻይ አስመጡ። ለረጅም ጊዜ ስለ ልጁ ጠየቋቸው፦ ቁመቱን፣ ከወንድሞቹ ማን እንደሚበልጥ፣ ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርግ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ከእናቱ በስተቀኝ፣ ሙሉ" አሉኝ። "ጥላውንም ሥራለት።" እህትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገላውን ከሌላ ወንድሙ ፎቶ ወስጄ፣ የወታደር ኮሌታውን ከሸሚዝ ጋር አስማምቼ፣ በእናቱ ቀኝ አቆምኩት። እናትየው ኮምፒውተሩ ላይ ሲያዩት አላለቀሱም፤ ኮሌታውን እንዳስተካክል ብቻ ጠየቁኝ።

ሲወጡ ጋሼ አንድ ነገር አዘዙኝ። ሥራ ሲያልቅ ሌየሮቹን ሁሉ ጨፍልቀን አንድ ምስል እናደርጋቸው ነበር፤ ፋይሉ ትልቅ ስለሚሆን፣ የኮምፒውተሩም ሆድ ጠባብ ስለነበር። "የዚህን ልጅ አትጨፍልቀው" አሉ። "እንዳለ በሲዲ አስቀምጥ። አንድ ቀን መጥተው አሳሳልን ይሉ ይሆናል፤ ይመጣና እሱ ራሱ አጠገቧ ቆሞ ይነሳም ይሆናል።" በቀይ እስክሪብቶ ሲዲው ላይ ጻፍኩበት። እኔ እዚያ እስከነበርኩበት ጊዜ ድረስ ለአንዱም አልመጡም።

ጋሼ አርፈዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የፎቶ ቤቱም ሕንጻ አብሮ ሄደ፤ ነገሩ ከዚያ በፊት አልቆ ነበር። ስልክ ሁሉንም ፎቶ አንሺ አደረገ፣ ፎቶ ማጠብም ቀረ። አሁን አንድ መተግበሪያ የሞተን አባት አንዲት ጉርድ ፎቶ ተቀብሎ፣ ልጁን አቅፎ ሲስቅ ያሳያል። ቆዳው ሙሉ ነው፣ ጥላው መሬቱ ላይ ነው፣ ዓይኑን ማሽኑ ከየት እንዳመጣው ማንም አይጠይቅም። የዘመድ ልጅ እንዲህ ያለውን ስትልክልኝ አልቆጣትም፤ ሐዘን የሚይዘውን ይይዛል። ነገር ግን ያንን ፎቶ ያየ እንግዳ "ነፍስ ይማር" የሚልበት ቦታ የለውም። ሚስትየዋንም "የእሱ ነው ወይ?" ብሎ የጠየቃት የለም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ሥዕል እጁ የሚገባ የልጅ ልጅ አያቱ በዚያ ዓመት በሕይወት እንደነበሩ ያምናል፤ ይህ ያስጨንቀኛል።

በቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከዚያ ዘመን ፎቶ ቤት የተሰጣችሁ ሲዲ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቤት የሚጻፍ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን ይበላሻል፣ ዕድሜውም ሄዷል። ማንበቢያ ያለው ኮምፒውተር ፈልጉና ዛሬውኑ ገልብጡት። መጨረሻው ፒኤስዲ የሚል፣ ሌየሮቹ ሳይጨፈለቁ የቀሩበት ፋይል ካገኛችሁ አትጨፍልቁት፣ ወደ ጄፔግ ለውጣችሁም ዋናውን አትጣሉት። ኦፓሲቲ ምስልን አያጠፋም፤ የሳሳው የሚታየው ብቻ ነው። እዚያ ሌየር ላይ የአባታችሁ ፊት ማህተሙ ተነስቶለት፣ ዓይኑ በእናታችሁ ቃል ታርሞ፣ ሙሉውን አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ወይቦ ከሆነም ከዚያ ላይ እንደገና ማሳተም ይቻላል፤ ቁጥሩን ግን እዚያው አርባው ላይ ተዉት።